ቅጠሉ ያረፈበት ወረቀት

በጥቅምት 1843 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ኬንት በሚባለው አውራጃ የምትኖር አንዲት ሴት በገዛ እጇ ያዘጋጀችውን መጽሐፍ የመጀመሪያ ክፍል ለወዳጆቿ መላክ ጀመረች። መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ደጃፍ አልደረሰም፤ የማተሚያ ቀለምም አልነካውም። በየገጹ፣ ጥልቅ በሆነ ሰማያዊ መደብ ላይ፣ አንድ የባሕር አልጌ በነጭ ተዘርግቶ ይታያል፤ ከግርጌው የላቲን ስሙ በእጅ ጽሕፈት ሰፍሯል። ምስሉን የሣለ እጅ የለም፤ ያነሣው ካሜራም የለም። አልጌው ራሱ ወረቀቱ ላይ ተኛ፣ ፀሐይ መታችው፣ ወረቀቱ በውኃ ታጠበ፣ አለቀ። የሴትዮዋ ስም አና አትኪንስ ነው። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የፎቶግራፍ ታሪክ ጸሐፊዎች ዛሬ ይህን ሥራ በፎቶግራፍ ምስል የተሰናዳ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይሉታል። ሌላው ቀደምት ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት «የተፈጥሮ እርሳስ» የሚል ርእስ የሰጠውን ዝነኛ መጽሐፉን በክፍል በክፍል ማውጣት የጀመረው በሰኔ 1844 ስለሆነ፣ አና በስምንት ወር ትቀድመዋለች። ክብሩ ይገባታል። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ሌላ ነው። ከዚያ ወዲህ ካሜራ ከሣጥን ወደ ኪስ ገብቷል፤ ፊልም መጥቶ ሄዷል፤ ዛሬ ምስል ማንሳት ጣት ማሳረፍ ብቻ ሆኗል። ይህ ሁሉ ሲሆን፣ ከተፈጥሮ ጋር የሚሠሩ አርቲስቶች ግን እየዞሩ ወደዚያው የቆየ ዘዴ ይመለሳሉ፤ ወረቀት በብሩሽ ይቀባሉ፣ ቅጠል ያስተኛሉ፣ ፀሐይ ይጠብቃሉ። ምክንያቱ ንክኪ ነው ብዬ አምናለሁ። ካሜራ ከሩቅ ሆኖ ያያል። እዚህ ግን ቅጠሉ ወረቀቱን ነክቶታል። በምስሉ ላይ ያለው ቁመት የቅጠሉ ቁመት ነው፤ ትል የበላው ቀዳዳም ትሉ የበላው ያው ቀዳዳ ነው። ወረቀቱ ያ ተክል አንድ ቀን በአካል የነበረበት ቦታ ነው።

ተክልን ራሱን ማኅተም የማድረግ ሐሳብ ከፎቶግራፍ እጅግ ይቀድማል። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ኮዴክስ አትላንቲከስ በሚባለው የማስታወሻ ጥራዙ ውስጥ በጥላሸትና በዘይት የታተመ አንድ የሳልቪያ ቅጠል ትቶልናል፤ አሠራሩንም አጠገቡ ጽፎታል። በ18ኛው መቶ ዘመን ቤንጃሚን ፍራንክሊን በአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች የወረቀት ገንዘብ ላይ የእውነተኛ ቅጠል ቅርጽ ያትም ነበር። ሐሰተኛ ገንዘብ ሠሪ የሰውን ፊርማ ሊያስመስል ይችላል፤ የቅጠልን የደም ሥር ሁሉ አስመስሎ መቅረጽ ግን ያቅተዋል። የቅጠል ቅርጽ ከማንም ቀራጭ እጅ ይልቅ እንደሚታመን ሰዎች ያወቁት እንግዲህ ብርሃን ከመግባቱ በፊት ነው።

ብርሃን የገባው በ1802 ነው። ቶማስ ዌጅዉድና ሃምፍሪ ዴቪ፣ በብር ናይትሬት በተቀባ ወረቀትና ነጭ ቆዳ ላይ ቅጠልና የነፍሳት ክንፍ አስተኝተው ጥላቸውን እንዳስቀሩ በዚያ ዓመት አስታወቁ። ጥላውን ለማቆየት ግን መላ አላገኙም። ምስሉን በቀን ብርሃን ቢያወጡት ያልተነካውም ክፍል ይጠቁርና ሁሉም ይጠፋል፤ ስለዚህ በሻማ ብርሃን ተደብቀው ነበር የሚያዩት። ታልቦት በ1834 ዊልትሸር ውስጥ ባለው የላኮክ ቤቱ ተመሳሳይ ሙከራ ሲጀምር፣ ወረቀቱን በገበታ ጨውና በብር ናይትሬት እያከታተለ ነከረው። ቅጠል፣ አበባ፣ ዳንቴል አስተኛበት። በጠንካራ የጨው ውኃም ምስሉን በመጠኑ ለማርጋት ቻለ። እነዚያ የመጀመሪያ ሥራዎቹ እስከ ዛሬ በጣም ስሶች ናቸው፤ አንዳንዶቹን ለሕዝብ ብርሃን ላይ ማውጣት አይቻልም። ከዌጅዉድ እስከ ታልቦት ድረስ በመጀመሪያ ወረቀቱ ላይ የተኙት ዕፅዋት መሆናቸው በአጋጣሚ አይመስለኝም። ቅጠል ጠፍጣፋ ነው፣ አይንቀሳቀስም፣ ብርሃንን ከፊሉን ያሳልፋል ከፊሉን ይከለክላል። አዲሱ ጥበብ ራሱን የተማረው በቅጠል ላይ ነው።

አና በ1799 ቶንብሪጅ ከተማ ተወለደች። እናቷ ሕፃን ሳለች ስለሞተችባት ያሳደጋት አባቷ ጆን ጆርጅ ችልድረን ነው። ችልድረን ኬሚስት ነበር፤ ኋላም በብሪቲሽ ሙዚየም አገልግሏል። ሃምፍሪ ዴቪ ወዳጁ ነበረ። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ ዩኒቨርሲቲ አትገባም፤ የአብዛኞቹ የሳይንስ ማኅበራት ደጅም ለሴት ዝግ ነበር። አና ግን በአባቷ ቤተ ሙከራ አጠገብ አደገች። አባቷ የፈረንሳዊውን የላማርክን የቀንድ አውጣና የዛጎል ጥናት ወደ እንግሊዝኛ ሲመልስ፣ ከ250 የሚበልጡ ሥዕሎችን የሣለችለት እርሷ ናት። ሥራው በ1820ዎቹ መጀመሪያ ታትሟል። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ሥዕል ስላልቻለች ወደ ፀሐይ የሸሸች ሴት አይደለችም። የዛጎልን ጠመዝማዛ በእርሳስ አስመስሎ ለማውጣት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅና የት ላይ እንደሚሳሳት በእጇ የምታውቅ ሠዓሊ ነበረች።

በ1825 ጆን ፔሊ አትኪንስ የተባለ የለንደን ነጋዴ አገባችና ኬንት ውስጥ ሃልስቴድ ወደሚባል መንደር ሄደች። ልጅ አልወለዱም። የባሏ ቤተሰብ ሀብት ከካሪቢያን ደሴቶች ጋር በሚደረግ ንግድ የተገኘ ነው፤ ያ ንግድ ደግሞ በባርያ ጉልበት የቆመ ነበር። ስለ አና የሚጻፉ የውዳሴ ጽሑፎች ይህን ብዙ ጊዜ ያልፉታል። ማለፍ ያለባቸው አይመስለኝም። ዓመታት በሙሉ ያለ ደሞዝ ተቀምጦ አልጌ ማተም የሚቻለው፣ ሌላ ቦታ ሌላ ሰው ሲደክም ነው። በኋለኛው ዘመን ባተመቻቸው የፈርን ቅጠሎች ግርጌ ላይም የመጡበት አገር ስም ሲጻፍ፣ ጃማይካ የሚለው ስም በተደጋጋሚ ይገኛል።

ለአና መንገዱን የከፈተው የሥነ ፈለክ ሊቁ ሰር ጆን ኸርሸል ነው፤ የአባትና የልጅ ወዳጅ ነበር። በ1842 ሮያል ሶሳይቲ ለተባለው የሳይንስ ማኅበር ያቀረበው ጥናት ብርሃን በዕፅዋት ቀለም ላይ ስለሚያደርገው ለውጥና ስለ አዳዲስ የፎቶግራፍ ዘዴዎች ነበር። እስከዚያ ድረስ ሁሉም በብር ሲደክም፣ ኸርሸል የብረት ጨዎችን ሞከረ። ፌሪክ አሞኒየም ሲትሬት የሚባለውን፣ ለደም ማነስ መድኃኒት ሆኖ ያገለገለ የብረት ጨው፣ ፖታሲየም ፌሪሳይናይድ ከሚባል ቀይ ጨው ጋር በውኃ አዋሐደ። ሁለቱን ቀላቅሎ ወረቀት ላይ ሲቀባቸው ቢጫ አረንጓዴ ይሆናሉ። የፀሐይ ጨረር ሲያርፍባቸው ብረቱ ጠባዩን ይለውጥና ከሌላኛው ጨው ጋር ተጣብቆ የፕሩሺያ ሰማያዊ የተባለውን ቀለም ይፈጥራል፤ ይህ በ18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በርሊን ውስጥ የተገኘና ሠዓሊዎች አስቀድመው የሚያውቁት ቀለም ነው። ሰማያዊውን ውኃ አያሟሟውም። ጨረር ያልደረሰበት ክፍል ግን በውኃ ታጥቦ ይሄዳል። ስለዚህ ወረቀቱን ለማርጋት ሌላ መድኃኒት አያስፈልግም፤ ንጹሕ ውኃ ይበቃል። ሳያኖታይፕ የሚባለው ይህ ነው።

ኸርሸል በዚያው ጥናት ከዚህ ይበልጥ የሚገርም ነገርም አቅርቧል። የአበባ ቅጠል ጨምቆ፣ ጭማቂውን ወረቀት ላይ ቀብቶ፣ ብርሃን ቀለሙን ሲያጠፋው ምስል አወጣበት። አንቶታይፕ ይባላል። ማንኛዋም ሴት በእርድ የቆሸሸ ነጠላ ፀሐይ ላይ ስታሰጣ እድፉ ሲለቅ አይታለች፤ የአንቶታይፕ ሳይንስ ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ዛሬም ዘዴውን የሚሞክሩ አርቲስቶች እርድና ቀይ ሥር በብዛት ይጠቀማሉ። ሜሪ ሶመርቪል የተባለችው የሒሳብና የሥነ ፈለክ ሊቅም ጣልያን አገር ሆና በዕፅዋት ጭማቂ ላይ ሙከራ አድርጋ ውጤቱን ለኸርሸል በደብዳቤ ጻፈችለት፤ በእርሱም በኩል ሮያል ሶሳይቲ ዘንድ ቀረበላት። የአንቶታይፕ ችግር ሁለት ነው። አንድ ምስል ለማውጣት ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል። ሲወጣም አይረጋም፤ ምስሉን የሠራው ብርሃን ራሱ መልሶ ያጠፋዋል። ኸርሸል እንደ ሳይንቲስት ይህን ጉድለት አድርጎ ተወው። ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ፤ ለዛሬ አርቲስቶች ጉድለቱ ዋናው ነገር ሆኗልና።

አና ሳያኖታይፕን ወዲያው ያዘችው። ምክንያትም ነበራት። በ1841 ዊልያም ሃርቪ የተባለ ሊቅ ስለ ብሪታንያ አልጌዎች የጻፈው መማሪያ ወጣ፤ አንድም ሥዕል አልነበረበትም። አልጌ እንደ ጽጌረዳ አይደለም፤ ከፀጉር የቀጠነ ቅርንጫፍ፣ በውኃ ውስጥ ብቻ የሚዘረጋ ክር፣ ከደረቀ በኋላ ወረቀት ላይ የሚጨማደድ አካል ያለው ነው። አና በመጽሐፏ መግቢያ ላይ ችግሩን በግልጽ አስቀምጣዋለች፤ ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ እጅግ ረቂቅ ስለሆኑ በትክክል መሣል ያስቸግራል ትላለች። ከ250 በላይ ዛጎሎች የሣለች ሴት እንዲህ ስትል አምናታለሁ።

አሠራሩን በቅርበት እንየው። ክፍሉ ደብዘዝ ያለ መሆን አለበት። ወረቀቱ በብሩሽ ይቀባል፤ አንዱን ጎን ሳይደርቅ ሌላውን ካልደረሱበት የብሩሹ መሥመር በሰማያዊው ላይ ይቀራል። ሲደርቅ አልጌው ይዘረጋበታል። በላዩ መስተዋት ይጫናል፤ መስተዋቱ አጥብቆ ካልያዘው ከሥሩ ብርሃን ሰርጎ ጠርዙን ያደበዝዛል። ከዚያ ወደ ፀሐይ። ቢጫው አረንጓዴ ቀስ እያለ ወደ ሰማያዊ፣ ከዚያም ወደ ግራጫ ያመራል፤ ግራጫው ከልክ ሲያልፍ ነው መድረሱ የሚታወቀው። ኬንት ውስጥ ሰማዩ ደመና ከሆነ ይህ ብዙ ሊቆይ ይችላል። (ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ላይ ባለችው አዲስ አበባ የፀሐይዋ ጨረር ብርቱ ስለሆነ፣ የሞከረው ሰው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይደርስለታል።) ወረቀቱ ውኃ ሲገባ ቢጫው በጅረት ይወጣል፣ አልጌው የነበረበት ቦታ እየነጣ ይመጣል፣ ግራጫው ወደ ሰማያዊ ይመለሳል። ሲደርቅ፣ በማግስቱም፣ ሰማያዊው ይበልጥ ይጠልቃል።

ዲክቲዮታ ዲኮቶማ የምትባለውን አልጌ ብንወስድ፣ እንደ ጠባብ ሪባን ሆና እያንዳንዷ ቅርንጫፍ ሁለት፣ ሁለቱም እንደገና ሁለት ሁለት እየሆኑ ይሄዳሉ። ሠዓሊ ይህን ቢሥል እጁ ሳያስበው ቅርንጫፎቹን እኩል እኩል ያደርጋቸዋል። ፀሐይ ግን እንዲህ አታደርግም። አንዱ ቅርንጫፍ ሌላው ላይ ሲተኛ ሁለቱ የተደራረቡበት ቦታ ይበልጥ ይነጣል፤ ሪባኑ በሳሳበት ሰማያዊው ውስጡ ሰርጎ ይገባል፤ የተሰበረው ጫፍ እንደተሰበረ ይቀራል። የአልጌውን ሥጋ ውፍረትና ስስነት በዚህ ምስል ላይ ማንበብ ይቻላል።

ጽሑፉንም እንዲሁ አተመችው። መግቢያውን፣ ማውጫውንና ስሞቹን ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ወረቀት ላይ በእጇ ጽፋ፣ የተቀባው ወረቀት ላይ ደርባ ፀሐይ ላይ አወጣቻቸው፤ ፊደሏ ነጭ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ቃሉም ቅጠሉም የተሠሩት በአንድ ዓይነት ንክኪ ነው። ሥራው እስከ 1853 ዘለቀ፤ ወደ 400 የሚጠጉ ገጾች በሦስት ቅጽ። ቅጂው ስንት እንደነበረ የሚነግረን የእርሷ መዝገብ የለም፤ በየሙዚየሙና በየቤተ መጻሕፍቱ የሚታወቁት ጥቂት ናቸው። አንዱ የኸርሸል ነበር፤ ዛሬ ኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል። ሌላው የታልቦት፣ ሌላው የሮያል ሶሳይቲ። ማተሚያ መኪና ስላልነበረ እያንዳንዱ ቅጂ ከሥር ጀምሮ በእጅ መቀባት፣ በእጅ ማስተኛት፣ በእጅ ማጠብ ነበረበት። በጠቅላላው በሺዎች የሚቆጠር ወረቀት ነው። አንድ ገጽ አልጥም ሲላት የተሻለ ሠርታ ትልክና ተቀባዩ አሮጌውን እንዲለውጠው ታደርግ ነበር። ስለዚህም ሁለት ፍጹም የሚመሳሰሉ ቅጂዎች የሉም።

ለሳይንስ ጠቀመ ወይ? እውነቱን ለመናገር፣ የታሰበውን ያህል አልጠቀመም። አልጌን ከአልጌ ለመለየት ቀለም ያስፈልጋል፤ ሳያኖታይፕ ቀዩንም ቡናማውንም አረንጓዴውንም አንድ ነጭ ያደርገዋል። የአካሉ ውስጥ አሠራርም በብዛት አይታይም። ሃርቪ ራሱ በኋላ በድንጋይ ማተሚያ የተሠሩና በቀለም የተዋቡ ትላልቅ የአልጌ መጻሕፍት አወጣ፤ ተማሪዎችም የሄዱት ወደዚያ ነው። በ1850ዎቹ ደግሞ ከቪየና ሌላ ዘዴ መጣ። አሎይስ አወር የሚባል የንጉሠ ነገሥቱ ማተሚያ ቤት ኃላፊ የደረቀ ተክልን በለስላሳ እርሳስ ብረት ላይ በኃይል እያስጫነ ቅርጹን ማስቀረት ቻለ፤ ሄንሪ ብራድበሪም ዘዴውን እንግሊዝ አምጥቶ በ1855 በቶማስ ሙር ጽሑፍ የብሪታንያን የፈርን መጽሐፍ አተመበት። በብዛት፣ በቀለም፣ በመኪና። በገበያ ዓይን የአና ሰማያዊ ገጾች ያኔውኑ አርጅተው ነበር።

እኔ ግን እዚህ ላይ ነው ሥራዋ ወደ ሥነ ጥበብ የተሻገረው የምለው። በ1852 አባቷ ሞተ። ሐዘኑ ከባድ ነበር፤ ሁለቱ አንዱ ለሌላው ምን እንደነበሩ ላወቀ የሚገርም አይደለም። በዚያ በጋ የልጅነት ጓደኛዋ አን ዲክሰን ልታጽናናት መጣች። አንን እንደ እኅት ነበር የምታያት። ሁለቱ አብረው መሥራት ጀመሩ፤ ከዚያም የፈርንና የአበባ አልበሞች በ1853ና በ1854 ወጡ። ገጾቹን ከአልጌዎቹ ጋር ላስተያየ ሰው ልዩነቱ ወዲያው ይታየዋል። አልጌዎቹ ለመታወቅ ነው የተዘረጉት፤ ፈርኖቹ ግን በገጹ ላይ ይጎነበሳሉ፣ ከዳር እስከ ዳር ይወጠራሉ፣ ባዶው ሰማያዊ ከተክሉ እኩል ይታሰብለታል። ቆየት ብሎ የወፍ ላባም ዳንቴልም አስተኝተዋል። ናሙናን መመዝገብ ቀርቶ ገጽን ማሰናዳት ተጀመረ። ሐዘን የገባበትን ቤት በሥራ መሙላት የሚያውቅ ሁሉ፣ እነዚያን ፈርኖች ሲያይ ሁለት ሴቶች በጓሮ ወረቀት ሲያሰጡ ይታዩታል።

አና በ1871 ሞተች፤ ኸርሸልም የሞተው በዚያው ዓመት ነው። በመጽሐፏ ላይ የነበረው ፊርማ ኤ ኤ የሚሉ ሁለት ፊደሎች ብቻ ስለነበረ ማንነቷ ቶሎ ተረሳ። በ1880ዎቹ መጨረሻ ዊልያም ላንግ የተባለ የግላስጎ ሰው አንድ ቅጂ እጁ ገብቶ ደራሲዋን እስኪያጣራ ድረስ፣ ፊደሎቹ ስሙን ያልገለጠ አማተር ማለት ናቸው ተብለው ይተረጎሙ ነበር። ከላንግ በኋላም ቢሆን በደንብ የታወቀችው ላሪ ሻፍ የተባለው የታሪክ ተመራማሪ በ1985 ስለ እርሷ መጽሐፍ ካወጣ ወዲህ ነው።

ሳያኖታይፕ ራሱ በበኩሉ ሌላ ሕይወት አገኘ። ከ1870ዎቹ ጀምሮ መሐንዲሶች የንድፍ ወረቀት ማባዣ አደረጉት። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ውኃ ብቻ ይፈልጋል። ብሉ ፕሪንት የሚባለው የሕንፃ ንድፍ ሰማያዊ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ለሥነ ጥበብ ግን ይህ አልበጀውም፤ ቀለሙ የመርከብና የድልድይ ንድፍ ቀለም ተብሎ ቀረ። ፒተር ሄንሪ ኤመርሰን የተባለው የተፈጥሮ ፎቶግራፍ አንሺ በ1889 መልክዓ ምድርን በሰማያዊ የሚያትም ሰው ውበትን የሚያጠፋ ነው እስከማለት ደርሷል። እንዲህ ባለ ዘመን ቺካጎ ውስጥ ቤርታ ጄክስ የምትባል የብረት ላይ ቅርጽ አርቲስት ከ1,000 በላይ የዱር አበቦች ሳያኖታይፕ ሠራች። የዱር አበባ ጥበቃን ከሚደግፉት መካከል ነበረች፤ እየጠፉ ያሉትን አበቦች ጥላ ማስቀረቷ ከዚህ ተለይቶ አይታይም። እንደ አና ሁሉ ሠዓሊነት የማያንሳት፣ ግን ሠዓሊነቷን ትታ ተክሉ ራሱ እንዲናገር የፈቀደች ሴት ናት። ከሚገባት እጅግ ያነሰ ተጽፎላታል።

በ20ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የመጣው መመለስ ዲጂታል ምስል ከመስፋፋቱ ጋር መገጣጠሙ ትርጉም አለው። ምስል ክብደትና ቁስ ሲያጣ፣ የምስልን ቁስነት የሚፈልጉ ሰዎች ወደ ጨለማ ክፍልና ወደ ፀሐይ ተመለሱ። በ2010 የለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ያለ ካሜራ ለሚሠሩ አምስት አርቲስቶች ትልቅ ኤግዚቢሽን አዘጋጀ። ጋሪ ፋቢያን ሚለር ከመካከላቸው ነበር፤ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ቅጠልን በፊልም ቦታ ማጉያ ውስጥ አስገብቶ ብርሃኑ በቅጠሉ አልፎ ወረቀቱ ላይ እንዲወድቅ ያደርግ የነበረ ነው። ሱዛን ደርጅስ ደግሞ በ1990ዎቹ ዴቨን ውስጥ ታው በሚባል ወንዝ በሌሊት ትሠራ ነበር። ትልቅ የፎቶ ወረቀት በጠፍጣፋ ሣጥን አድርጋ ውኃው ሥር ታሰጥማለች፤ ከላይ ለቅጽበት ብልጭታ ታበራለች፤ የውኃው ሞገድ፣ በላዩ የተዘረጋው የዛፍ ቅርንጫፍ፣ የሚንሳፈፈው ቅጠል ሁሉ ወረቀቱ ላይ ይቀራል። የሰማዩ መደብ ቀለም እንደ ጨረቃዋ ብርሃን ይለያያል። ወንዙ በሙሉ እንደ ፊልም አገለገለ ማለት ነው። አና አልጌውን ከውኃ አውጥታ ወረቀት ላይ አስተኝታ ነበር፤ ደርጅስ ወረቀቱን ውኃው ውስጥ ይዛው ገባች። ሜጋን ሪፐንሆፍ የተባለችው አሜሪካዊትም ከ2013 ጀምሮ በሳያኖታይፕ የተቀባ ወረቀት ባሕር ዳር ወስዳ ማዕበሉ፣ አሸዋውና ጨው ራሳቸው እንዲያጥቡት ትፈቅዳለች። ወረቀቱን አሟልታ ስለማታጥበው ምስሉ ተሰቅሎም እያለ መለወጡን አያቆምም።

ከሁሉም በላይ የሚነካኝ የቢን ዳን ሥራ ነው። በ1977 ቬትናም ተወልዶ አሜሪካ ያደገ አርቲስት ነው። ቅጠል ይቆርጣል። በላዩ ግልጽ በሆነ ፕላስቲክ ላይ የታተመ ምስል ያስቀምጣል፤ በመስተዋት ይጭነውና ፀሐይ ላይ ይተወዋል፤ ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት። ብርሃን የደረሰበት የቅጠሉ አረንጓዴ ይነጣል፤ የተጋረደው ይቀራል። ሲያነሣው ቅጠሉ ላይ የሰው ፊት አለ። በ1969 ላይፍ መጽሔት በአንድ ሳምንት በቬትናም ጦርነት የሞቱ 242 አሜሪካውያንን ፎቶ አትሞ ነበር፤ ዳን እነዚያን ፊቶች በቅጠል ላይ አወጣቸው። በክመር ሩዥ አገዛዝ ዘመን ቱዎል ስሌንግ በሚባለው የካምቦዲያ እስር ቤት የታሰሩ ሰዎችን ፊትም እንዲሁ። እዚህ ላይ ኸርሸል ጉድለት ያለው ነገር ተገልብጧል። ፊቱን የሠራው የቅጠሉ መሞት ነው። ቅጠሉ ሲቀጥል ይጠወልጋል፣ ይጠፋልም፤ ዳን ግን በሙጫ ውስጥ ያሽገዋል። የጦርነት ሙታንን በድንጋይ ላይ መቅረጽ የተለመደ ነው። በጦርነቱ ጊዜ መርዝ በተረጨበት የቬትናም ጫካ ዘመድ በሆነ ቅጠል ላይ ማውጣት ግን ሌላ ነገር ይናገራል፤ መሬቱም ዛፉም ከሰዎቹ ጋር አብሮ ተጎድቷል፣ አሁንም ይመሰክራል ይላል።

ሌላው የምጠቅሰው የእንግሊዛውያኑ የሄዘር አክሮይድና የዳን ሃርቪ ሥራ ነው። ሸራ በሸክላ ጭቃ ይቀቡና የሣር ዘር ይዘሩበታል። በጨለማ ክፍል ውስጥ የፎቶግራፍ ኔጋቲቭ ብርሃን ሸራው ላይ ይወርዳል፤ ሣሩ በዚያ ብርሃን ያድጋል። ብርሃን የበዛለት ሣር አረንጓዴ፣ ያነሰው ቢጫ ይሆናል፤ በሳምንት ገደማ የሰው ፊት በሣር ያድጋል። ችግራቸው ሣሩ ሲደርቅ ሁሉም አንድ ቢጫ መሆኑ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ በዌልስ አበሪስትዊዝ ያሉ የሣር ተመራማሪዎች ሲደርቅም አረንጓዴነቱን የማይለቅ የሣር ዝርያ ላይ ይሠሩ ነበርና ሁለቱ አርቲስቶች ከእነርሱ ጋር ተገናኙ። በዚያ ዘር ምስሎቹን አድርቆ ማቆየት ተቻለ። የአና ሥራ የተጀመረው ሥነ ጥበብ ለሳይንስ እንዲያገለግል ነበር፤ እዚህ ሳይንቲስቶቹ ለሥነ ጥበብ ዘር ሰጡ። ሆኖም ሣሩ የደረቀም ቢሆን ብርሃን ሲበዛበት ይነጣልና ደብዘዝ ባለ ክፍል ነው መቀመጥ ያለበት። ሳያኖታይፕም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ ብዙ ብርሃን ሲያገኝ ይፈዝዛል፣ ጨለማ ውስጥ ሲያርፍ ግን ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተገናኝቶ አብዛኛው ሰማያዊው ይመለስለታል። ሶዳ ወይም ሳሙና የነካው ግን ወደ ቢጫ ይለወጥና አይመለስም። ስለዚህ ሙዚየሞች የአናን ገጾች ለአጭር ጊዜ፣ በደካማ ብርሃን፣ ገጹን እየገለበጡ ያሳያሉ፤ ከዚያም ጨለማ ውስጥ አስገብተው ያሳርፏቸዋል።